የታመመ ፍየል አይከተብም

አበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ ያልተማረ ሐኪም አይጠፋም። ዲግሪ የለው፣ ነጭ ጋውን የለው፣ የሾመው የለ። ግን አንድ ሰው "ራሴን..." ብሎ ሳይጨርስ እሱ መድኃኒቱን አዝዞ፣ መድኃኒቱ ያዳናቸውን ሰዎች በስም ጠርቶ፣ "ሐኪም ቤት ካልሄድኩ" ብለው የሞቱትንም ጨምሮ ይነግራችኋል። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዳንዶቻችሁማ አባታችሁ ነው።

በዐረብ አገር፣ በጂዛን በኩል ባሉት የአል-ዓሪዳ ኮረብቶች የዚህ ማዕረግ ባለቤት ክቡር ሐኪም ዘይኑ ናቸው። "ናቸው" ማለታችን ማዕረጉን አክብረን ነው እንጂ ወዳጁ ኢታፈራሁስ "አንተ" ነው የምትለው፤ ሲያናድዳት ደግሞ "አንተ ሰውዬ"። ዘይኑ የወሎ ሰው፣ የባቲ ገጠር ልጅ ነው። ዓም ሐሚድ ለሚባል ሽማግሌ አሠሪው ፍየል ይጠብቃል። "ፍየል ጠባቂ" ካላችሁት ግን ተቀያይማችኋል። እሱ ያክማል። ትል ያወርዳል፣ ሰኮና ያስተካክላል፣ ያዋልዳል፣ መርፌ ይወጋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ ፍየሎቹም ያማረባቸው ናቸው። ችግሩ፣ ከበረት ወጥቶ ሰው ቤት ሲገባ በሽተኛው መለወጡን ልብ አይልም።

ትኩሳት የሚለካው ጆሮ ጨብጦ ነው። የደም ማነስን የሚያውቀው የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልብጦ ነው፤ ውስጡ ቀይ ከሆነ ደህና፣ ከነጣ ግን ወዮላችሁ። ጨው የማያዝለት ሕመም የለም። ሲራጅ የሚባለው የሙዝ እርሻ ሠራተኛ ጥርሱን አሞት አንድ ቀን ደወለለት።

"አፍህን ክፈት" አለው ዘይኑ።

ቪዲዮ አልነበረም፣ ተራ ስልክ ነው። ሲራጅ ግን ከፈተ።

"እህ! አየሁት፣ አየሁት" አለ ሐኪሙ። "ጨው ያዝበት።"

"ዓይንህን ገልብጥ" ያልተባለ ሰው በዚያ አገር ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። የዓም ሐሚድ ዓይን ሳይቀር ተገልብጧል። እምቢ ያለችው ኢታፈራሁ ብቻ ናት።

"እኔን ፍየልህ አታድርገኝ!" ትለዋለች።

"ፍየል ብትሆኚማ ይኼኔ ታክመሽ ነበር፣ እቴ" ይላታል።

ኢታፈራሁ አቡ ዓሪሽ ከተማ ማዳም ቤት ትሠራለች። ከልብስ ሰፊው ሱቅ ጀርባ በተከራየቻት ክፍል ደግሞ ጁምዓ ጁምዓ ሰው ይሰበሰባል። ለጎረቤት ዕቁብ ነው ትላለች። ዕቁብ አይደለም፤ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ አበሾች ማኅበር ነው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ምንጣፍ ላይ። እዚያ አገር ደሙ ተመርምሮ ቫይረሱ የተገኘበት የውጭ ሰው መንገዱ ወደ ተርሂል፣ ወደ ማባረሪያው እስር ቤት ነው፣ ከተርሂል ወደ አገሩ። ስለዚህ መድኃኒቱ ከአገር ቤት በሰው በሰው ይመጣል፣ ስሙም "ተምር" ነው። ማታ ማታ ስልክ ይደወላል። "ተምርህን በላህ?" "በላሁ።" ኸላስ፣ ወሬው እዚያው ላይ ያበቃል።

ተምሩን ማን የሚደብቀው ይመስላችኋል? ሐኪም ዘይኑ ነው፤ በፍየል መድኃኒት ሣጥን ውስጥ፣ በትል መድኃኒቱና በቫይታሚኑ መካከል። አንድ ቀን ዓም ሐሚድ ሣጥኑን ከፍቶ ብልቃጡን አነሣና "ይህ ምንድን ነው?" ሲል ጠየቀ።

"የትል መድኃኒት፣ ያ ዓም። አዲስ የወጣ።"

ሽማግሌው ደስ አለው። "ጥሩ ከሆነማ ለቀዩ ወጠጤ አንድ ስጠው" አለና ቆሞ ጠበቀ። ዘይኑ ምን ያድርግ? በመከራ የመጣችውን ተምር በወጠጤው ጉሮሮ አወረዳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀዩ ወጠጤ የማኅበሩ የክብር አባል ነው። ማኅበሩ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በዚያ ማታ ግን ኢታፈራሁ ደውላ "ተምርህን በላህ?" ስትለው ወሬ ሊቀይር ሞከረ። ለካ ፍየሉ የዋጠውን ከራሱ ድርሻ ቆጥሮት ኖሯል፣ የሌላ ሰው እንዳይጎድል። "አንተ ሰውዬ! መድኃኒት ይዘለላል እንዴ? ስንት ቀን ነው የምነግርህ!" ብላ ጮኸችበት።

"አንድ ቀን ምን ያደርገኛል፣ እኔ በሽተኛ አይደለሁም" አለ።

ከ"ዓይንህን ገልብጥ" ቀጥላ ሁለተኛዋ አባባሉ ይቺ ናት። እኔ በሽተኛ አይደለሁም፤ ደሜ ውስጥ እንግዳ አለ እንጂ በሽተኛ አይደለሁም። ይህን ብሎ ዳገት ይወጣል፣ ሲራጅን ትግል ይጥላል፣ የመኖ ጆንያ በአንድ ትከሻው ይሸከማል። ይቺን አባባል ያዙልኝ።

እንግዲህ የኮሮና ክትባት መጣና፣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ያለውም የሌለውም ይከተብ፣ ማንም ወረቀት አይጠየቅ ተባለ። ኢታፈራሁ ወሬውን ስትሰማ የማዳምን ሰሐን ይዛ ቁጭ አለች። ማኅበሩን አብራት የመሠረተችው ሳሊሐ ባለፈው ዓመት በዚሁ በኮሮና ስትስል ከርማ እዚያችው ክፍል ውስጥ አርፋለች። አሁን ደግሞ በሳሊሐ ፍራሽ ላይ ፀደኒያ ትተኛለች።

ፀደኒያ የመንን አቋርጣ፣ በአል-ሐርስ ተራራ በኩል የገባች ልጅ ናት። በመንገድ ወራት ሙሉ መድኃኒት አልቀመሰችም። ዘይኑ ያገኛት ከፍየሎቹ ገንዳ አጠገብ ወድቃ ነው። ዓይኗን ገለበጠ፣ አላማረውም፣ የፍየል ወተት አጠጣት። የምትሞት ስለመሰላት ሰው ይወቅልኝ ብላ ምስጢሯን ነገረችው፤ ቫይረሱ አለብኝ፣ አትቅረበኝ አለችው።

"እና?" አለ ዘይኑ። "ተምር አለኝ" ብሎ የራሱን ብልቃጥ አሳያት።

ያን ጊዜ የሷን እንግዳ የሱ እንግዳ እንደሚያውቀው ገባት። ከዚያ ወዲህ ፀደኒያ የምታምነው አንድ ሰው ብቻ ነው። መድኃኒቱን ከጀመረች ትንሽ ሰንብታለች፣ ሰውነቷ ግን ገና ነው፤ ነፋስ ሲነፍስ ኢታፈራሁ በሩን ሮጣ ትዘጋለች። ማታ ፀደኒያ አንድ ጊዜ ካሳለች ኢታፈራሁን እንቅልፍ አይወስዳትም። ይቺን ልጅ ሳላስከትብ ክረምቱ አይገባም አለች በልቧ። ፀደኒያ ግን "ጋሼ ዘይኑ ካለ እሄዳለሁ" ብላ ዘጋችው።

ኢታፈራሁ በጁምዓው ማኅበሩን ሰብስባ ስልኳን መሐል አስቀመጠች። ደሴ ካለው፣ ቫይረሱ በደማቸው ካለ ሰዎች ማኅበር አንዲት ነርስ የላከችው ድምፅ ነበር። ነርሷ ጥርት አድርጋ ተናገረች። መድኃኒቱ ሌላ፣ ክትባቱ ሌላ ነው፤ አንዱ ከአንዱ አይጣላም። መድኃኒታችሁን የምትወስዱ ተከተቡ፤ ገና የጀመራችሁና የደከማችሁማ ቅደሙ፣ ኮሮና እናንተ ላይ ይበረታል። ሲከትቧችሁም ለምርመራ ደም አይወስዱም። ሲራጅ ራሱን ነቀነቀ። ሌሎቹም ነቀነቁ። ኢታፈራሁ ልትስቅ ምንም አልቀራት።

ያን ጊዜ ክቡር ሐኪም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ቆይ፣ እኔን ስሙኝ። የታመመ ፍየል ይከተባል?"

"አይከተብም" አለ ሲራጅ፣ እንደ ተማሪ።

"የታመመ ፍየል አይከተብም! የታመመውን ትለያለህ፣ ጤነኛውን ትከትባለህ። የታመመውን ብትወጋው ይወድቃል። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቃል።"

ክፋቱ እውነቱን ነው። በዚያች ክፍል ያለው ሰው ሁሉ ወይ ፍየል ወይ በግ ሲጠብቅ ያደገ፣ አሁንም የሚጠብቅ ነው። የታመመ ከብት እንደማይከተብ በዓይኑ ያየ ሕዝብ ፊት ምን ይባላል? ኢታፈራሁ ብቻ ከተማ ያደገች ናት፤ ከፍየል የምታውቀው ሥጋውን ነው።

"ነርሷ ግን..." አለች።

"ነርሷ ፍየል አይታ ታውቃለች?"

"እኔ ምን አውቃለሁ!"

"እኮ!" አለና ዘይኑ ጫማውን ፈለገ። ፀደኒያም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ስብሰባው በዚሁ ተበተነ።

ኢታፈራሁ ሳምንቱን ሙሉ ስትብሰለሰል ሰነበተች። የማዳምን ደረጃ እያጠበች ነበር ድንገት ቀጥ ብላ የቆመችው። እንዴ! ይህ ሰውዬ ዓመቱን ሙሉ "እኔ በሽተኛ አይደለሁም" ሲል ከርሞ፣ ክትባት ሲመጣ የታመመ ፍየል ሆኖ አረፈው? ውሃው ደረጃውን ሞልቶ እስኪፈስስ አላስተዋለችም፤ ማዳም ጮኸችባት።

በቀጣዩ ጁምዓ ማኅበር መሰብሰቡን ትታ ፀደኒያን ይዛ አል-ዓሪዳ ወጣች። ፍተሻ ባይኖር በቀላሉ፣ ቢኖር በጭንቅ የሚደረስበት መንገድ ነው፤ አሏህም ማርያምም ተጠርተው ደረሱ። ዕለቱ ፍየሎቹ የሚከተቡበት ቀን መሆኑን ከሲራጅ ሰምታለች። ዘይኑ እንግዶቹን ሲያይ ፊቱ በራ። ተመልካች የማይወድ ሐኪም የለማ!

"ተመልከቱ እንግዲህ" አለ። ፍየሏን በሁለት ጉልበቱ መሐል ይይዛል፣ ከትከሻዋ ኋላ ቆዳዋን ብድግ ያደርጋል፣ ይወጋል፣ ከዚያ ጣቱን በጥብጦ ካስቀመጠው ሂና ነክሮ ግንባሯን ይቀባል። "ካልቀባህ አንዷን ሁለት ጊዜ ትወጋታለህ፣ አንዷን ትረሳታለህ" አለ። የታመሙትን አስቀድሞ በጥላው ሥር ለይቷቸዋል። አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል፣ አፍንጫቸው ይፈሳል፣ ቅጠል ፊታቸው ቢደረግ አያዩም።

አንዲት ነጭ እናት ፍየል እየተንፈራገጠች መጣች። ዘይኑን በቀንዷ ጎኑን ወግታው ልትሄድ ስትል ያዛት።

"ይቺ ያቺ በስልክ 'ልትሞትብኝ ነው' ያልከኝ አይደለችም እንዴ?" አለች ኢታፈራሁ። "መድኃኒት በየቀኑ የምትሰጣት?"

"አዎ፣ አሁንም እሰጣታለሁ።"

"እና ትከትባታለህ?"

"ለምን አልከትባትም? አይተሻታል? ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ዳገት ትወጣለች፣ ጎኔን ሰበረችው! ይቺ በሽተኛ ናት?" አለና ወጋት፣ ቀባት፣ ለቀቃት።

ኢታፈራሁ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

"ዘይኑ፣ አንተስ?"

"እኔ ምን?"

"ትበላለህ። ትጠጣለህ። ዳገት ትወጣለህ። ሲራጅን ትግል ትጥላለህ። መድኃኒትህን በየቀኑ ትወስዳለህ። ከነጭዋ ፍየል በምን ታንሳለህ?"

ፀደኒያ አፏን በእጇ ያዘች። ዘይኑ መርፌውን አየ፣ ፍየሏን አየ፣ ጥላው ሥር ያሉትን አየ። መውጫ ሲያጣ ጊዜ ተቆጣ።

"ሰው ፍየል አይደለም!" ብሎ ጮኸ።

"እሰይ!" አለች ኢታፈራሁ እጇን አጨብጭባ። "አፌ ቁርጥ ይበልልህ! ይቺን ቃል ከአፍህ ልስማት ብዬ ስንት ዘመን ጠበቅሁ። ሰው ፍየል ካልሆነ የፍየሉ ሕግ አይሠራም፣ ተከተብ። ፍየል ከሆነም ነጭዋ ተከትባለች፣ ተከተብ!"

ዘይኑ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ፀደኒያ ውሃ ልትቀዳ ስትርቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እኔስ እሺ። እሷ ግን እንደ ነጭዋ አይደለችም፣ እቴ። ገና ናት። እኔን ብላ ሄዳ፣ አንድ ነገር ብትሆንስ? ደህና ትሆናለች ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ..." አለና ቆመ። "አላውቅም።"

ኢታፈራሁ ይህን ቃል ከዚህ ሰው አፍ ሰምታ አታውቅም። በሰማሁ ቀን ደግሼ አበላለሁ ስትል ኖራለች። ሲመጣ ግን ደስ አላላትም። ሁሉን የሚያውቀው ሰው ካላወቀ እሷም ፈራች።

"እኔም አላውቅም" አለችው አጠገቡ ተቀምጣ። "ለዚህ አይደል የሚያውቁትን የጠየቅነው?" ስልኩን አውጥታ የነርሷን ድምፅ እንደገና ከፈተችለት። በዚህኛው ጊዜ አልተከራከረም። "ገና የጀመራችሁና የደከማችሁማ ቅደሙ" የምትለዋን ሲሰማ "መልሺው" አለ። መለሰችለት። "አንድ ጊዜ ድገሚው" አለ። ደገመችለት።

"ፍየል አይታ የምታውቅ ናት" አለ በመጨረሻ። ከሐኪም ዘይኑ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አይወጣም።

ከተማው ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ወረፋውን የመራው ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ነርሷን "አየሩን አወጣሽው?" አላት። መርፌው አዲስ መሆኑን አጣራ። "ከትከሻው ኋላ ነው፣ ቆዳውን ብድግ አድርጊው" ብሎ ሊያስተምራት ሲል "ያ ዓም፣ ያላ!" ብላ ክንዱ ላይ ወጋችው። መርፌው ከገባበት እስኪወጣ ድረስ ዓይኑን አልነቀለም፤ ከደጅ ሳይርቅ ለማኅበሩ ድምፁን ቀርጾ ላከ። "ስሙኝ። መርፌው ሞልቶ ገባ፣ ባዶ ወጣ። ደም አልጠባም። እኔ ነኝ ያየሁት።" ሰው የደሴዋን ነርስ ድምፅ ሰምቶ ራሱን ነቅንቆ ነበር፤ ይህን ሲሰማ ግን ጫማውን አደረገ።

ፀደኒያ ደግሞ ጠበቀች። ጋሼ ዘይኑ ይነሣ እንደሆነ ልይ ብላ። በማግስቱ ሐኪሙን ትኩሳት ያዘው፣ አጥንቱን ሰበረው። ቢተኛ ወሬው ወደ ልጅቷ ይሄዳል። ስለዚህ ተነሣ፤ ፍየሎቹን ነድቶ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ዳገት ላይ ሆኖ በቪዲዮ ደወለላት።

"ጋሼ፣ እየተንቀጠቀጥክ ነው እኮ!"

"ነፋሱ ነው! እዪኝ፣ እየበላሁ ነው" አለና ደረቅ ኹብዝ አፉ ውስጥ ከተተ። እያላመጠ፣ እያላበው፣ እያየችው ዳገቱን ወጣ። ፀደኒያ ያን ቀን የሳቀችውን ሳቅ ኢታፈራሁ ከእሷ ሰምታ አታውቅም። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ፀደኒያም ሄዳ ክንዷን ሰጠች። አንድ ቀን አተኮሳት፣ በማግስቱ ተነሥታ ሁለት ሰው የሚያጠግብ ሩዝ በላች። ኢታፈራሁ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

በጁምዓው ዘይኑ ሂና በጥብጦ በፍየል መድኃኒት ብልቃጥ ክዳን ይዞ መጣ። የክትባቱን ወረቀት ኪሱ ይዞ መዞር ማንም አልፈለገም። "እኔ ወረቀት አላውቅም" አለና የተከተበውን ሁሉ የግራ አውራ ጣት ጥፍር ቀባ። በጂዛን ሂና የሚቀባ እጅ ማን ልብ ይለዋል? በሙዝ እርሻውም በበረቱም ባለ ቀይ ጥፍር በዛ፤ የፈራ ሰው ቀይ ጥፍር ያለውን ፈልጎ "እንዴት ሆንክ?" ይለው ጀመር።

ቀብቶ ሲጨርስ ክፍሉን ዙሪያውን አየ። መንጋ እንደሚያይ ነው ያየው። ዓይኑ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

"ያልተቀባች አንዲት አለች" አለ።

ኢታፈራሁ እጆቿን ነጠላዋ ሥር ከተተች። "እኔ በመጨረሻ ብያችሁ አልነበር? ሁላችሁም ብትወድቁ ማን ያስታምማል?" አለች። ብላ ነበር፣ እውነት ነው። ያኔም ማንም አልጠረጠረም።

"አሁንኮ ሁሉም ተነሥቷል፣ እቴ።"

ኢታፈራሁ እጆቿን አላወጣችም። ሳሊሐ መርፌ ተወግታም ሳይሻላት የሞተችው በእጇ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ መርፌ ባየች ቁጥር ያ ቀን ነው የሚመጣባት። ሰውን ሁሉ ስታሳምን የከረመችው ሴት ራሷን ማሳመን አቅቷት ነበር። ይህን አልተናገረችም። ዘይኑም አልጠየቀም፤ "ያላ፣ አብረን እንሄዳለን" ብቻ አለ።

ጤና ጣቢያው ወረፋ ላይ ቆሙ። ከፊቷ ሁለት ሴቶች ሲቀሩ ወደ መውጫው በር ተመለከተች። ዘይኑ የሚናገረው አላጣም፤ ስለ ጨው ያወራል፣ ስለ ነጭዋ ፍየል ያወራል፣ የነርሷን አያያዝ ይነቅፋል። ኢታፈራሁ ድንገት ወደ እሱ ዞረች። ስንት ዘመን እምቢ ያለችውን የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በገዛ ጣቷ ገለበጠችለት።

"በል፣ እየኝ" አለችው።

ክቡር ሐኪም ዘይኑ ጎንበስ ብለው ረጋ ብለው አዩ።

"ደህና ነሽ" አለ።

አመነችውና ክንዷን ሰጠች።